ፊንቴካችንን ማን አሳደገው፣ ማንስ አዘገየው? ኮዱ ወይስ ፖሊሲው?

ኮድ_ጸሐፊው

ሰላም ለሁላችሁ። የክፍያ ሲስተም ላይ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። በየስብሰባው ስለ ፊንቴክ፣ ማለትም በቴክኖሎጂ ስለሚሰጥ የገንዘብ አገልግሎት፣ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፦ "የእኛ ፊንቴክ ለምን ከጎረቤት አገር ዘገየ?" መልሱም ሁሌ ያው ነው። ኢንተርኔት የለም፣ ባለሙያ የለም፣ ሕዝቡ ጥሬ ገንዘብ ይወዳል። ይሄ ለእኔ አይዋጥልኝም። ልጆቻችን ኮድ መጻፍ ያውቃሉ። ሕዝቡም ሲመቸው ስልኩን አውጥቶ ለመክፈል አላመነታም። እኔ እንደማየው ዋናው ጉዳይ መንግሥት ለማን፣ መቼ፣ በምን ያህል ካፒታል ፈቀደ የሚለው ነው።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። ኤም-ብርንና ሄሎካሽን ስንቶቻችሁ ታስታውሳላችሁ? ከቴሌብር ብዙ ቀድመው የነበሩ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች ናቸው። ቴክኖሎጂውን ያመጡት የውጭ ኩባንያዎች ናቸው፤ ኤም-ብርን የአየርላንድ፣ ሄሎካሽን የሆላንድ። በጊዜው በነበረው መመሪያ ግን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት መስጠት የሚችለው ባንክ ወይም ማይክሮ ፋይናንስ ብቻ ነበር። ስለዚህ እነዚህ ኩባንያዎች ሲስተም አቅራቢ ሆነው ቀሩ። ደንበኛው የእነሱ አይደለም፤ ሒሳቡም የእነሱ አይደለም። የራሱ ላልሆነ ደንበኛ በየቀበሌው ወኪል ለማብዛት ዶላሩን የሚያፈስ ባለሀብት ከየት ይመጣል? ኤም-ብር እኮ በማይክሮ ፋይናንሶች በኩል ለሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ገጠር ድረስ ክፍያ ያደርስ ነበር። ሥራው ነበረ፤ የጠፋው ካፒታሉ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ አዲስ መመሪያ አወጣ። ባንክ ያልሆነ ድርጅትም ፈቃድ ማግኘት ቻለ። ትልቅ ለውጥ ነበር። ነገር ግን 50 ሚሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል ይጠይቃል፤ ባለቤቶቹም ኢትዮጵያውያን ወይም ትውልደ ኢትዮጵያውያን መሆን አለባቸው። ከዚያ ግንቦት 2013 ቴሌብር ሥራ ጀመረ። በዚያው ወር በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር የቴሌኮም ፈቃድ አሸነፈ። ሞባይል መኒ ግን ፈቃዱ ውስጥ አልነበረም። የብሔራዊ ክፍያ ሥርዓት አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1282/2015 እስኪሻሻል ተጠበቀ። ከዚያም ሌላ 150 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎ የሳፋሪኮሙ ኤም-ፔሳ ነሐሴ 2015 ላይ ገበያ ገባ። ያኔ ቴሌብር ከ30 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ይዟል።

ማን ቀድሞ እንዲሮጥ እንደተፈቀደለት ሳናይ ስለ አሸናፊ ማውራት ትክክል አይመስለኝም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የባንክ_ሰው

ወንድሜ፣ ታሪኩን በትክክል አስቀምጠኸዋል። መደምደሚያህ ላይ ግን አልስማማም። ባንኮች እኮ ለብቻቸው የተፈቀደላቸው ብዙ ዓመት ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ምን ተሠራ? ሞባይል ባንኪንግ የነበረው ሒሳብ ላለው፣ ከተማ ለሚኖር፣ ቅርንጫፍ ሄዶ ፎርም ለሞላ ሰው ነው። እናቴ ያለችበት ወረዳ ቅርብ የሚባለው ቅርንጫፍ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። በስልክ ገንዘብ መቀበል የጀመረችው ቴሌብር ከመጣ በኋላ ነው።

ይሄን ያደረገው የመንግሥት ኩባንያ ነው። ኔትወርኩ አለው፣ ሲም ካርዱ አለው፣ የአየር ሰዓት የሚሸጡ ልጆች በየመንደሩ አሉት። የውጭ ባለሀብት መጀመሪያ ቢገባ ኖሮ ትርፍ ወዳለበት ወደ አዲስ አበባ፣ አዳማና ሐዋሳ ነበር የሚሄደው። መንግሥት በራሱ ኩባንያ መጀመሩ ስህተት ነው ብዬ አላምንም።

አዳማ_ማደያ

እኔ የነዳጅ ማደያ ነው የምሠራው። ስለ አዋጅ ቁጥሩ አላውቅም፤ ሰው እንዴት እንደገባበት ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

መጀመሪያ የመጡት ታክሲና ሚኒባሶቹ ናቸው። ሐምሌ 2014 የታለመው የነዳጅ ድጎማ ሲጀመር ሰሌዳቸው ተመዝግቦ በቴሌብር ነው የሚቀዱት። ድጎማው የሚሰላው በዚያ ስለሆነ በጥሬ ገንዘብ ልክፈል ብሎ የሚከራከር አልነበረም። ቀጥሎ ሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ላይ ሁሉም መኪና በዲጂታል ካልሆነ እንዳይቀዳ ተባለ። ወዲያው ወደ ክልልም መጣ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አልረሳቸውም። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው። ወረፋው ከኋላቸው አስፓልቱ ጋ ደርሷል። ረዳቱ *127# ይመታል፤ እሳቸው ሚስጥር ቁጥራቸውን በጆሮው ይነግሩታል። እኔ "ኧረ ጋሼ፣ ይሄን ለማንም አይንገሩ!" እላለሁ። "ልጄ ነው፣ ምን አለበት" ይሉኛል። በወሩ ተመልሰው ሲመጡ ቁጥሯን ራሳቸው ነው የነኩት፤ ረዳቱን ፊቱን ወደዚያ አዙር አሉት።

ከዚያ ወዲያ እሳቸው ለዘይትም ለጎማም በስልክ ነው የሚከፍሉት። ይሄን ያመጣው ማስታወቂያ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። ጥሩ ነው መጥፎ እናንተ ፍረዱ።

ኮድ_ጸሐፊው

@አዳማ_ማደያ ወንድሜ፣ እጅህን ይባርክ። ልለው የፈለግኩትን ነው ያሳየኸኝ። መንግሥት እዚህ ላይ ፈቃድ ሰጪ ብቻ ሳይሆን ደንበኛም አምጪ ነው። ድጎማው፣ ነዳጁ፣ የመብራቱ ክፍያ፣ የመንግሥት አገልግሎቱ በአንድ ዋሌት (በስልክ የገንዘብ ቋት) ሲያልፍ ያ ዋሌት ደንበኛ ፍለጋ ገንዘብ አያወጣም። የግሉ ድርጅት ግን ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቦነስ ይሰጣል፣ ማስታወቂያ ይገዛል፣ ወኪል ያሠለጥናል።

@የባንክ_ሰው፣ እናትህ ገንዘብ መቀበላቸው ያስደስተኛል፤ ከልቤ ነው። ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። ቴሌብር በ2013 ሲጀመር እንደ ኤም-ፔሳ ላሉትም በዚያው ዓመት ቢፈቀድ እናትህ ምን ይጎድልባቸው ነበር?

ጠበቃው

ልጆች፣ ጥሩ ክርክር ነው። የተዘለለ ነገር ስላየሁ ልጨምር።

ስለ ፖሊሲ ሲወራ ሁሉም የሚያየው ትልቁን ፈቃድ ነው። ትናንሾቹን ልጆች የሚያንቀው ግን ሌላ ቦታ ያለች አንቀጽ ናት። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ላይ የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200 ሺህ ዶላር መመደብ አለበት ይላል። ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በሽርክና ከሆነ 150 ሺህ ዶላር። ለፋብሪካ ይሄ ገንዘብ ትንሽ ነው። ሦስት ልጆች በአንድ ክፍል ቢሮ ለጀመሩት ሥራ ግን ብዙ ነው።

ቢሮዬ የሚመጡት ጉዳዮች ይመሳሰላሉ። ልጆቹ አፕ ሠርተዋል። ውጭ አገር ያለ ሰው አይቶ ወዶታል። 20 ሺህ ወይም 30 ሺህ ዶላር አስገብቶ ጥቂት ሼር መያዝ ይፈልጋል። እንደ ሕጉ አይችልም። ስለዚህ ምን ያደርጋሉ? እናት ኩባንያውን አሜሪካ ደላዌር ወይም ሌላ አገር ያስመዘግባሉ፤ ባለሀብቱ እዚያ ሼር ይገዛል። ኩባንያው ቢያድግ ዋጋው የሚያድገው እዚያ ነው። እዚህ የሚቀረው ቢሮውና ደመወዙ ነው። መንግሥት ትልልቅ ገንዘብ እንዲገባ ብሎ ያስቀመጠው ወለል የልጆቹን ኩባንያ ከአገር አስወጣው ማለት ነው።

በ2012ቱ መመሪያ ደግሞ የክፍያ ፈቃድ የሚሰጠው ኢትዮጵያውያን ለያዙት ድርጅት ስለነበር፣ ይሄ የደላዌሩ መንገድ ለክፍያ ሥራ ጨርሶ አይሆንም ነበር።

ኮድ_ጸሐፊው

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄ ነገር ለምን ብዙዎቹ የክፍያ ጌትዌይ ላይ እንደተሰበሰቡም ያስረዳል። ቻፓን፣ አሪፍፔይን፣ ሳንቲምፔይን ተመልከቱ። ለነጋዴ ክፍያ መቀበያ ነው የሠሩት። ለዋሌት የሚጠየቀው 50 ሚሊዮን ሲሆን፣ ለጌትዌይ የሚጠየቀው ካፒታል ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ልጆቹ የሄዱት ገንዘባቸው ወደሚደርስበት ነው። ገበያው ላይ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚበዛ የወሰነው የካፒታል ሰንጠረዡ ነው። እንደ ካቻ ያሉ 50 ሚሊዮኑን አሟልተው ዋሌት የጀመሩ የግል ድርጅቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እኔ ከሜሪላንድ ነኝ። ጋሼ ስለ ውጭ ባለሀብት ሲያነሱ እኛን አስታወሱኝ።

ባንክና ኢንሹራንስ ላይ ሼር የነበራቸው፣ በኋላ የአሜሪካ ዜግነት የወሰዱ ሰዎች ሼራቸውን እንዲለቁ የተደረገበት ጊዜ ነበር። የተመለሰላቸው መጀመሪያ የከፈሉበት ዋጋ ነው፤ ከዚያ በላይ የነበረው ለመንግሥት ገቢ ሆነ። አክስቴ ከነርሲንግ ሥራዋ ቆጥባ ነበር የገዛችው። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም። ያሳዘናት "አንቺ ከእንግዲህ የውጭ ሰው ነሽ" መባሏ ነው።

በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1159 ተመልሶ ተፈቀደ። በውጭ ምንዛሪ ገዝታችሁ፣ ትርፉን በብር ትወስዳላችሁ ተባለ። ጥሩ ነው፤ እኔ ደስ ብሎኛል። አክስቴ ግን ዛሬም እሺ አላለችም። አንድ ፖሊሲ ሲቀየር አዋጁ በቀን ይቀየራል፤ ሰው ለማመን ዓመታት ይፈልጋል። ዳያስፖራው ፊንቴክ ላይ ገንዘብ ያፍስስ የምትሉ ሰዎች ይሄን አስቡበት።

አንድ ነገር ልጨምር። የኢትዮ ቴሌኮም ሼር ጥቅምት 2017 ሲሸጥ ለኢትዮጵያ ዜጎች ብቻ ነበር። ቴሌብርን የሚያህል ነገር ውስጡ ያለ ኩባንያ ላይ ድርሻ መያዝ እፈልግ ነበር።

የባንክ_ሰው

እህቴ፣ የአክስትሽ ነገር ልብ ይነካል። ስለ ሼር ሽያጩ ካነሳሽ ቁጥሩን ልንገርሽ፤ ብዙ የሚያስተምር ነው። ለሽያጭ የቀረበው 100 ሚሊዮን ሼር ነው፤ የአንዱ ዋጋ 300 ብር። ጊዜው ተራዝሞ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ሼር ብቻ ሆነ። ገዢዎቹ 47,377 ሰዎች ናቸው፣ የተሰበሰበው 3.2 ቢሊዮን ብር። አንድ ሰው ከ3,333 ሼር በላይ መግዛት አይችልም ነበር፤ ማለትም ቢበዛ አንድ ሚሊዮን ብር ገደማ። ትልልቅ ተቋማትም ሆኑ ዳያስፖራው ውጭ ሆኑ።

የገዛውም ሰው የገዛው በቴሌብር ነው። በአንድ ስልክ መተግበሪያ ይሄን ያህል ሕዝብ ባለአክሲዮን መሆኑ በእኛ አገር ትንሽ ነገር አይደለም።

ሪያድ_ነኝ

ሰላም። እዚህ ስልኬ ላይ ገንዘብ መላኪያ አፕ ሞልቷል። ደመወዝ ሲገባ ከአልጋዬ ሳልነሳ መላክ እችላለሁ። ለዓመታት ግን አልተጠቀምንበትም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ከሐምሌ 2016 በፊት ባንክ ዶላርን በ57 ብር ገደማ ሲመነዝር ጥቁር ገበያው እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው ነበር። እኔ ሰው ቤት ሠርቼ የማገኘውን፣ እናቴ እጅ ሲደርስ ግማሹ እንዲቀር ነው በአፕ የምልከው? ሐዋላ የሚሠራው ሰውዬ በስልክ ደውሎ ሰፈራችን ድረስ ያደርስልኛል። አፕ ሠሪዎቹ ምንም ቢያሳምሩት የሚያሸንፉበት መንገድ አልነበረም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ ያ ክፍተት ጠበበ። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች በሳምንቱ ነው ስለ አፕ መጠያየቅ የጀመሩት። "የትኛው ነው የሚሻለው፣ የትኛው ነው ቶሎ የሚደርሰው?" ተባባልን። ቴክኖሎጂው ያው ነው። የተለወጠው ምንዛሪው ነው። ክፍተቱ እንደገና ሲሰፋ ደግሞ ሰው ወዲያው ወደ ሐዋላው ይመለሳል።

ኮድ_ጸሐፊው

@ሪያድ_ነኝ እህቴ፣ ይሄን ጽሑፍሽን ሪሚታንስ (ከውጭ የሚላክ ገንዘብ) ላይ ለሚሠሩ ጓደኞቼ ሁሉ ልኬዋለሁ። ዓመት ሙሉ የአፑን ቀለምና ቁልፍ ሲቀያይሩ የነበሩ ልጆች አውቃለሁ።

የባንክ_ሰው

እኔም በዚህ ይበልጥ እስማማለሁ። ከእኔ ሥራ ምሳሌ ላምጣ። ዲጂታል ብድር።

ነሐሴ 2014 ቴሌብር ከዳሽን ባንክ ጋር "እንደኪሴ" እና "መላ" የሚሉ ብድሮችን ጀመረ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም "ሚቹ"ን ይዞ መጣ። መያዣ የለውም፤ የሰውየውን የገንዘብ እንቅስቃሴ አይቶ ሲስተሙ ይወስናል። ጉሊት የምትቸረችር ሴት በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከባንክ የተበደረችው በዚህ ነው።

በዓመቱ ነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አስቀመጠ። የዋጋ ንረቱን ለመቀነስ ነው፤ ንረቱ ድሃውን ይጎዳልና ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን ጣሪያው ለትልቁም ለትንሹም ብድር አንድ ነው። ለሕንጻ የሚሰጥ መቶ ሚሊዮንና ለጉሊቷ ሴት የሚሰጥ አምስት ሺህ በአንድ ድምር ውስጥ ይገባሉ። ገና እያደገ ያለው ዲጂታል ብድር በዓመት እጥፍ ሊሆን ሲችል ከሁሉም ጋር ተሻምቶ ይቆማል። ታኅሣሥ 2017 ጣሪያው ወደ 18 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። አነስተኛ ብድር ለብቻው ቢታይ ግን በንረቱ ላይ ያን ያህል የሚያመጣው ነገር አልነበረም ብዬ አምናለሁ።

ናይሮቢ_ነበርኩ

ስለ ኬንያ አንዳንድ ነገር ልበል፤ እዚያ ኖሬያለሁ። ብዙ ሰው የኬንያው ኤም-ፔሳ የግል ዘርፍ ብቻውን የሠራው ይመስለዋል። አይደለም። መነሻው ላይ የእንግሊዝ መንግሥት የልማት ድርጅት ወደ 1 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ድጋፍ ነበረው፤ ቮዳፎንም ከራሱ ጨመረ። የኬንያ መንግሥት ራሱ የሳፋሪኮም ትልቅ ባለድርሻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ ከሸጠ በኋላም 35 በመቶ ይዞ ቀርቶ ነበር።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀመር የክፍያ ሥርዓት ሕግ አልነበራቸውም። ማዕከላዊ ባንኩ "ጀምሩ፣ እየተከታተልን እናያለን" አለ። ሕጉ የወጣው በ2011 ነው። እኛ ጋ ግን መጀመሪያ አዋጅ፣ ከዚያ መመሪያ፣ ከዚያ ፈቃድ። ያ ሁሉ እስኪያልቅ ሐሳቡ የነበረው ልጅ ሌላ ሥራ ይቀጠራል።

የቦሌ_ሱቅ

ሁላችሁም ተማርን፤ አመሰግናለሁ። እኔ ከሱቄ ልናገር። ባንኮኒዬ ላይ አራት ኪውአር (ደንበኛው በስልኩ አንስቶ የሚከፍልበት ኮድ) ተለጥፏል። ደንበኛ ይመጣና "የእኔ ባንክ የለም?" ይላል። አምስተኛ ልለጥፍ? ማታ ሒሳብ ስዘጋ አራት ቦታ እገባለሁ፤ የትኛው ብር የትኛው ጋ እንዳለ ለማወቅ ግማሽ ሰዓት እፈጃለሁ። ሰው ስልኩን ከፍቶ የፈለገውን ይጠቀም፤ እኔ አንድ ኪውአር ልለጥፍ። ከመንግሥት የምፈልገው ይሄን ነው።

ኮድ_ጸሐፊው

@የቦሌ_ሱቅ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ልል የፈለግኩትን በአጭሩ ጨረስከው። የመንግሥት ገንዘብ የት ይግባ የሚለው ነው ትልቁ ጥያቄ። እኔ የምለው መንግሥት አስፓልቱን ያንጥፍ፤ አውቶቡሱን ግን ሁሉም በእኩል ይንዳ።

ሕንድን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩፒአይ የሚባለውን የጋራ የክፍያ መስመር ሲጀምሩ ባንኮች በጋራ በያዙት፣ ትርፍ ባልቆመለት ተቋም በኩል ነው። የትኛውም አፕ በዚያ ላይ መሥራት ይችላል። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ነጋዴው በዩፒአይ ለሚቀበለው ክፍያ ኮሚሽን እንዳይከፍል ተደረገ። ባለ ሱቁ አንድ ኪውአር ይለጥፋል፤ ከፋዩ በፈለገው አፕ ይከፍላል።

እኛም መሠረቱ አለን። የባንኮችን ክፍያ እርስ በርስ የሚያገናኘው ኢትስዊች የባንኮች የጋራ ንብረት ነው። ዲጂታል መታወቂያው ፋይዳ አለ፤ አዋጁ በ2015 ወጥቷል፣ የዓለም ባንክም ለመታወቂያው 350 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። ይሄ እኔ ባየሁት የፊንቴክ ኢንቨስትመንት ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ነው። ምክንያቱም አንድ አዲስ ድርጅት ደንበኛ ሲመዘግብ ማንነቱን ለማረጋገጥ የሚያወጣውን ወጪ ለሁሉም እኩል ይቀንሰዋል። ለቴሌብርም፣ ለኤም-ፔሳም፣ ትናንት ለተቋቋመውም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

አሁን የውጭ ባንክም ይገባል ተብሏል። ታዲያ ለትናንሾቹ ምን ይቀራቸዋል? ጋሼ፣ አንቱ ምን ይላሉ?

ጠበቃው

ልጄ፣ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች ፈቅዷል። በአገር ውስጥ ባንክ ውስጥ የውጭ ድርሻ በድምሩ ከ49 በመቶ አይበልጥም፤ አንድ ስትራቴጂክ ባለሀብት እስከ 40 በመቶ ይይዛል። እኔ አያስፈራኝም። የውጭ ባንክ ሲመጣ በየከተማው ቅርንጫፍ አይከፍትም። አገሩን የሚያውቅ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም አፕ ያለው፣ ነጋዴ ያስመዘገበ ድርጅት ፈልጎ አብሮ ይሠራል ወይም ድርሻ ይገዛል። ልጆቹ ቢያንስ ውላቸውን ከአሁኑ ያጥሩ፤ የባለቤትነት ድርሻቸውን በቃል ሳይሆን በሰነድ ይያዙ። ሁለት ጓደኛሞች "ወንድማማች ነን" ብለው ሼራቸውን ሳይጽፉ ቆይተው ገዢ ሲመጣ ፍርድ ቤት የቆሙበት ጉዳይ ይዤ አውቃለሁ።

የ150 ሺህ ዶላሩ ወለል ግን ለቴክኖሎጂ ጀማሪዎች መነሳት አለበት። ይሄን በየመድረኩ እላለሁ፤ አሁንም እላለሁ።

ኮድ_ጸሐፊው

ጋሼ፣ እርስዎ ጽሑፉን ካዘጋጁ እኔ ፊርማ አሰባስባለሁ። ለኢንቨስትመንት ኮሚሽኑም ለብሔራዊ ባንኩም አንድ ገጽ እንላክ። ሁለት ነገር ብቻ እንጠይቅ፦ ለጀማሪ ድርጅቶች የውጭ ካፒታል ወለሉ ዝቅ ይበል፣ ለመንግሥት የሚከፈል ማንኛውም ክፍያ ፈቃድ ባለው ዋሌት ሁሉ መከፈል ይቻል። ከ2015ቱ አዋጅ በኋላ የውጭ ባለድርሻ ለማስገባት አመልክታችሁ ፈቃድ ያገኛችሁ ካላችሁ፣ ምን ምን ሰነድ እንደተጠየቃችሁና ስንት ወር እንደፈጀ እዚሁ ጻፉልን፤ ገጹ ላይ እንጨምረዋለን።

የቦሌ_ሱቅ

የአንድ ኪውአሩን ነገርም ጨምሩበት። ፊርማ ካስፈለገ የእኔን መስመር ሱቆች በሙሉ አመጣለሁ።